ለትልቅ ሰው ግራ እጅ አይሰጥም

ስኩዌር ዳንስ የሚጀመረው ስምንት ሰው ሲሞላ ነው። ሰባት አይበቃም፤ ዘጠነኛው ደግሞ ቆሞ ያያል። አራት ጥንድ በአራት ማዕዘን ፊት ለፊት ይቆማል። ከዳር አንድ ሰው ማይክ ይዞ ቀጥሎ የሚደረገውን ይጠራል፣ ስምንቱ እየሰሙ ያደርጋሉ። ጠሪው አንድ ቃል ከዘገየ ስምንቱም መሐል ላይ ተገትረው ይቀራሉ። እኔ ለሁለት ወር ያህል ያ ጠሪ ነበርኩ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ስነግራቸው አያምኑም፤ ልጅ ሆኜ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሁለት ፌርማታ አልፌ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ።

የምሠራው በስደት በምኖርበት አገር፣ ዋይትሆል በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የአረጋውያን መዋያ ነበር። ልጆቻቸው ሥራ የሚውሉባቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጠዋት በቫን ይመጣሉ፣ ቁርስና ምሳ ይበላሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ነበሩ። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ስለሆኑ አንዱ ሌላውን እየጠራ ነው የሞሉት። እኔ ምሳ አቀርባለሁ፣ ጠረጴዛ እጠርጋለሁ፣ መነሣት ያቃታቸውን ደግፌ መታጠቢያ ቤት አደርሳለሁ። ብዙ መናገር የሚጠይቅ ሥራ አልነበረም፤ የወደድኩትም ለዚያ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ አንዲት ነጭ አሮጊት ፍራንክሊንተን ከሚባለው ሰፈር መኪናቸውን ራሳቸው እየነዱ ይመጡ ነበር። ዕድሜያቸውን ሁሉ ስኩዌር ዳንስ ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አራት የዱሮ ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጡና ከመዋያው ፈቃደኛ የሆኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ያልሆኑ አራት ሰዎችን ቀላቅለው ያስጨፍራሉ። አንድ ቀን ከነዚህ አራቱ አንዱ ታመው ቀሩና ሰባት ሆኑ። አሮጊቷ ዙሪያውን አይተው እኔ ላይ ቆሙ። ወለል መጥረጊያ ይዣለሁ። በጣታቸው ጠሩኝ።

እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ ወይ፣ ተምረሻል ወይ ብለው አልጠየቁኝም። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ተማሪ ሳለሁም መልሱን እያወቅኩ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ይህኛው ግን ሰምቶ በእግር መልስ መስጠት ነው። ማንም ፊቴን አያይም፣ ሁሉም የሚያስበው ስለሚቀጥለው እርምጃ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በየሳምንቱ ስምንተኛ ሆንኩ። ጥሪዎቹን በፊደላችን ጽፌ ምሳ ሳቀርብ በልቤ እላቸው ነበር። አሮጊቷ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተዋል መሰለኝ፣ አንድ ማክሰኞ ሳል ያዘኝ ብለው ማይኩን እጄ ላይ አስቀመጡት። ድምፄ ወጣ። የራሴ ቃል ስላልነበረ ይሆናል ያላፈርኩበት። ሲጨርሱ ሁሉም አጨበጨቡ፤ ወደ ኩሽና ሄጄ ሳህን ሳጥብም ጥሪዎቹን እየደጋገምኩ ነበር።

በክረምቱ በረዶ አሮጊቷ በራቸው ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰበረ። ጓደኞቻቸውም መምጣት ተዉ። ከሆስፒታል ለመዋያው ሥራ አስኪያጅ ደውለው ልጅቷ ታስተምር አሏት። ሥራ አስኪያጇ ቀልጠፍ ያለች፣ ሰዓቷን የምታይ ሴት ነበረች። ከእኛዎቹ ስምንት ጀማሪዎች እንድሰበስብ፣ ሁለት ወር እንዳለማምዳቸውና መጨረሻው ዓርብ ላይ ቤተሰቦች በሚጠሩበት ቀን አንድ ጭፈራ ከመነሻ እስከ መድረሻ እንዲያሳዩ ነገረችኝ። ካሳዩ ክፍሉ የእኔ ይሆናል። ካላሳዩ በቦታው ቢንጎ ይገባል፤ እኔም ሰዓቴ ስለሚቀነስ ሌላ ሥራ ብፈልግ ይሻለኛል። ይህን ስትለኝ ክፉ አልነበረችም። እኔ ግን በሕይወቴ የምችለው አንድ ነገር አግኝቼ ነበርና ያን ዓርብ እንደ ፍርድ ቀን ነው የቆጠርኩት።

መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ይህ ዘፈን ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። የስምንቱ ቤተ ክርስቲያን ሰው ዓለማዊ ዘፈን አይሰማም፣ አይጨፍርም። ሁሉም ጋሼን ያዩ ነበር። ጋሼ የምንላቸው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። አገር ቤት ዕድሜያቸውን ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ እስከ አሁን ድረስ ሸሚዛቸው ኪስ ላይ እስክሪብቶ አይጠፋም። ሙዚቃው ግጥም አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለው አልኩ። ስለምንድን ነው? ስለ አንዲት ልጅና ስለ አንድ መንገድ መሰለኝ አልኩ። አሰቡ፣ አሰቡና ሙዚቃው ይጥፋ አሉ። ሙዚቃው ከጠፋ ስፖርት ነው፤ ዶክተሩም ተንቀሳቀሱ ብሎናል። እናም ያለ ሙዚቃ፣ በጭብጨባ ብቻ ጀመርን። ጭብጨባው እየቆየ ወደ መዝሙር ምት ይሄድና የአንዳንዶቹ ትከሻ ማንሣት ይጀምራል። ጋሼ ያኔ «እህቶች፣ ትከሻችሁን ቤት አስቀምጣችሁ ኑ» ይላሉ፣ ሁሉም ይስቃል። እኔን «ቲቸር» ይሉኝ ጀመር። ለቀልድ ነው፤ ግን ሒሳብ አስተማሪ ቲቸር ሲለኝ ጀርባዬ ቀና ይል ነበር።

ከስምንቱ አንዷ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አጭር አሮጊት ነበሩ። እዚያው ዋይትሆል ከልጃቸው ጋር አፓርትመንት ውስጥ ይኖራሉ። ልጃቸው ግሮቭፖርት፣ ዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ውስጥ ትሠራለች። እማማ ወደ መዋያው ከመጡ ጀምሮ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ይዘው የመኪና ማቆሚያውን ሲያዩ ይውላሉ፣ ቫኑ ሲመጣ ይነሣሉ። ለዚህ ክፍል ግን ማንም ሳይጠራቸው ነው የተነሡት። ልጃቸው የገዛችላቸውን ነጭ ስኒከር ከካርቶኑ አውጥተው አድርገው መጡ። ቤት ውስጥ ሁለት ወንበር አቁመው ከወንበሮቹ ጋር እየዞሩ እንደሚለማመዱ ነገሩኝ። አንዱ ወንበር ጋሼ ነው፤ ከጋሼ ይልቅ ወንበሩ ይሰማል አሉ። ልጃቸው ለሥራ አስኪያጇ ደውላ እናቷ ማታ መተኛት እንደጀመሩ፣ ጠዋትም ቀድመው ለብሰው በር ላይ እንደሚጠብቁ ነግራታለች። ይህን ስሰማ ክፍሉ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ክብ ሠርቶ መሄድ፣ ጥንድን በጀርባ ዞሮ መመለስ፣ ቦታ መቀያየር ቻሉ። ከዚያ ሰንሰለቱ መጣ።

ሰንሰለት ያልኩት እኔ ነኝ። ወንዶቹ በአንድ አቅጣጫ፣ ሴቶቹ በተቃራኒው ክቡን ይዞራሉ። ፊት ለፊት ለመጣው ሰው ቀኝ እጅ ይሰጡና ያልፉታል፣ ለሚቀጥለው ግራ፣ ለሚቀጥለው ቀኝ፣ እንደ ሹሩባ እየተጠላለፉ ጥንዳቸው ጋር እስኪደርሱ። አንዱ እጅ ሲለቅ ሌላው አስቀድሞ ይዟል፤ ስለዚህ ማንም አይቆምም፣ ማንም አይሮጥም። ያለዚህ ስኩዌር ዳንስ የለም።

ጠራሁ። ጋሼ ለመጀመሪያዋ ሴት ቀኛቸውን ሰጡ፤ ግራቸው ግን ቀኝ ክንዳቸውን ከክርኑ በታች ደግፎ ይዟል፣ ወገባቸውም ጎንበስ ብሏል። «እንደምን አደርሽ» አሏት። አብረው ቁርስ በልተው የተነሡ ናቸው። እሷም ጎንበስ ብላ ደኅንነቷን ነገረች፣ የልጆቻቸውን ጤና ጠየቀች። ከኋላ ያሉት ተራ ጠበቁ። ስቄ እንደገና አስጀመርኳቸው። እጅ ጨብጠው ሰላም ሳይባባሉ ማለፍ አልቻሉም። ይህስ ይሁን፤ በቶሎ ሰላም ተባባሉ አልኩ። ችግሩ ግራው ላይ ነው።

እማማ ጋሼ ጋ የሚደርሱት በግራ ተራ ነበር። ደረሱና ግራ እጃቸውን ሹራባቸው ውስጥ ከተው ቀኛቸውን ዘረጉ። ጋሼም ቀኛቸውን ዘረጉ። በቀስታ «ግራ» አልኩ። እማማ ዞረው እኔን አዩኝ፤ የተሳሳተ ሰው እንደሚታይ ሳይሆን የተሳደበ ሰው እንደሚታይ።

«ልጄ፣ ለጋሼ ግራዬን ልስጥ? ምን በደሉኝ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ስቄ እንደገና «ግራ» ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ልምምድም ዝም አልኩ። የፍራንክሊንተኗ አሮጊት ከአልጋቸው እየደወሉ ይጠይቁኝ ነበር። ግራ እጅ አልሰጥም ይላሉ ብዬ ነገርኳቸው። እስኪሰለቻቸው ድረስ ግራ፣ ግራ፣ ግራ በያቸው አሉኝ፤ የሚያፍር ጠሪ ማይኩን ለሌላ ይስጥ አሉ። ለእሳቸው ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ ስጠራ ማንን እንደማዝ አይታወቀኝም ነበር። በአማርኛ ግን ሒሳብ ያስተማሩ ሽማግሌና የእናቴ ታላቅ የሚሆኑ ሴት ፊት ቆሜ፣ እናቶቻችን በልጅነታችን እጃችንን መትተው ያስተዉንን ነገር አድርጉ ልላቸው ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወቱ ፊት «ግራ እጅዎን ይስጡ» እያልኩ ተለማመድኩ። መስታወቱ ፊት ይወጣል። አዳራሹ ውስጥ ግን «ቀጥሉ» ብዬ አልፈዋለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ለማሳያው ዓርብ ሦስት ሳምንት ሲቀር፣ «በቀኝ ብቻ ይሁን» አልኳቸው።

ደስታቸውን አልረሳውም። ጋሼ ይኸው ተሻሻለ፣ ፈረንጅ ያላሰበውን ቲቸር አሰበችው አሉ። እማማ ግራ እጃቸውን ከሹራባቸው አወጡት። እኔ ግን አውቅ ነበር። ብዙ አልተማርኩም እንጂ ዳንሱን አውቀዋለሁ። በቀኝ ብቻ ሲሆን ሹሩባው ይፈታል። ወንዶቹ ሁልጊዜ ከውስጥ ይሆኑና ይጨናነቃሉ፣ ሴቶቹ ሁልጊዜ ከውጭ ይሆኑና መንገዱ ይረዝምባቸዋል፤ ለመድረስ መሮጥ አለባቸው። አንድ ቀኝ እጅ ደግሞ ሁለት ሰው ጋ መሆን አይችልም፤ ከኋላው ካልተለቀቀ የፊቱን አይዝም። ቀስ ብለው ሲሄዱ ይሠራል። ስለዚህ ቀስ በሉ አልኳቸው፣ ጭብጨባውን አዘገየሁት፣ ለፍራንክሊንተኗ አሮጊትም እየለመዱት ነው ብቻ አልኳቸው።

ቤተሰቦች በተጠሩበት በዚያ ዓርብ አዳራሹ ሞላ። የእማማ ልጅ ፈቃድ ወስዳ መጥታ ከፊት ተቀምጣለች፣ ስልኳን ለቪዲዮ አዘጋጅታለች። ስምንቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ልንጀምር ስንል ሥራ አስኪያጇ እንግዶቹ በጭብጨባ ብቻ እንዳይሰለቹ ብላ ሙዚቃውን ከፈተችው። ያው የዱሮው ቫዮሊን፣ የሚሮጠው። ጋሼ ዞረው እኔን አዩኝ። ያን ጊዜ ማጥፋት እችል ነበር፣ ማሽኑ ከክንዴ አይርቅም። እንግዶቹን አየሁ፣ ሥራ አስኪያጇን አየሁ፣ መጥራት ጀመርኩ። ጋሼም በእንግዳ ፊት ማንንም ላለማሳፈር አንገታቸውን ደፍተው ተራመዱ።

ክቡ አማረ። በጀርባ መዞሩም አማረ፤ ሰው አጨበጨበ። ሰንሰለቱን ስጠራ ሙዚቃው ከጥሪዬ ቀድሞ ነበር። ወንዶቹ መሐል ላይ ታጨቁ። እማማ ከውጭ ሊደርሱ ሮጥ ሮጥ ይላሉ፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አለ። ጋሼ ጋ ሲደርሱ የጋሼ ቀኝ እጅ ገና ከኋላ ካለችው ሴት ጋር ነው፤ ደኅንነቷን እየጠየቁ ነው። እማማ ቀኛቸውን ዘርግተው ተደገፉበት፤ የሚይዘው እጅ ግን አልነበረም። ጋሼ ዞረው ሲይዟቸው የያዙት የሸሚዛቸውን እጅጌ ነው። እማማ በጎናቸው በቀኝ እጃቸው ላይ ወደቁ።

አቁሙ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። በሁለት ቋንቋ አውቀዋለሁ። አልወጣም። ማይኩ ክፍት ስለነበረ አዳራሹ ውስጥ የተሰማው የእኔ ትንፋሽ ነው። «አቁሙ» ያሉት ጋሼ ናቸው።

አምቡላንስ መጣ። የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። በቃሬዛ ሲያወጧቸው ልጃቸው ምን ሆነሽ ነው ስትላቸው እማማ እግሬ ነው፣ እግሬ አታለለኝ አሉ። ሥራ አስኪያጇ ወረቀት ሞላች። ሚዛናቸውን ስተው ወደቁ ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። በዝግታ አነበብኩት፤ ትርጉሙ ገብቶኛል። ታዪው የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ ልክ ከሆነ ፈርሚ አለችኝ። ፈረምኩ።

ሰኞ ክፍሉ መዘጋቱ ተነገረኝ። ሥራ አስኪያጇም ፊቷ አዝኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋሼ መዋያው ውስጥ ለማንም እጅ አይሰጡም ነበር፤ በሩቁ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ያልፉ ነበር። ቲቸር ማለትም ተዉ። የፍራንክሊንተኗ አሮጊት ደወሉ፤ ስልኩን እያየሁት ጮኸና ቆመ። መልእክት ትተው ነበር፤ ሰንሰለቱ እንዴት ሆነ፣ ሁሉንም ንገሪኝ ይላሉ። መልሼ አልደወልኩም።

ወደ እማማ ቤት የሄድኩት ከሳምንት በኋላ ነው። ደረጃው ላይ ሁለቴ ተመልሼ ወርጃለሁ። ልጃቸው ገና ከሥራ መግባቷ ነበር፤ አንጸባራቂውን ሰደርያ አላወለቀችም። ግቢ አለችኝ፣ ሻይ ላምጣልሽ ብላ ወደ ኩሽና ሄደች። እማማ ሶፋ ላይ ናቸው፣ ጂፕሱ እስከ ክርናቸው ይደርሳል። ሁለቱ ወንበሮች ወደ ጠረጴዛው ተመልሰዋል። ክፍሉ መቼ ይጀምራል፣ ጂፕሱ እስኪፈታ ከዳር ቆሜ ባጨበጭብስ አሉኝ። ተዘግቷል አልኩ። የጂፕሱን ጫፍ በግራ እጃቸው ዳበሱ። ያን ማየት አቃተኝና ያልነገርኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ቀኝ ብቻ ማድረጉ እንደሚያጨናንቅ አውቅ እንደነበረ፣ ደፍሬ ግራ ማለት ስላቃተኝ ብቻ ዳንሱን እንደቀየርኩ።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

«ብትነግሪኝስ እሰጥ ነበር?»

«ጮክ ብዬ ብልዎት ይሰጡ ነበር» አልኩ።

«ምናልባት» አሉ። «ምናልባት እሰጥ ነበር።»

ልጃቸው ሻዩን ይዛ ኩሽና በር ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። አልጮኸችም። ወረቀቱ የሚለው ራሷ ወደቀች ነው፣ እሱ ላይ ፈርመሻል ወይ አለችኝ። ፈርሜያለሁ አልኩ። እማማ ተይ፣ ልጅ ናት አሏት። እሷ ሻዩን ፊቴ አስቀመጠችልኝና እናቷን ከዚህ ቤት ዳግመኛ የትም እንደማትልክ፣ ሰው ማመን እንደበቃት በቀስታ ነገረችኝ። እማማ እኔ ግን እሄዳለሁ አሉ። ልጃቸው ወደ ኩሽና ተመለሰች። ለዓመታት መናገር በነበረብኝ ቦታ ሁሉ ዝም ብያለሁ፤ በተናገርኩበት በዚያ አንድ ቀን ለእሳቸው ተከፍቶ የቀረውን በር ዘጋሁባቸው። ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ሰዓቴ ሲቀነስ መዋያውን ለቀቅኩ፤ አሁን የምሠራው ግሮቭፖርት፣ ዌርሃውስ ውስጥ ነው። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አለ፣ የመደርደሪያ ቁጥር ይነግረኛል፣ ሄጄ ዕቃ አነሣለሁ። የእማማ ልጅ እዚያው ሕንፃ ውስጥ በሌላው በኩል ነው የምትሠራው፤ ግሮቭፖርት ዌርሃውሱ ብዙ ነው፣ የእሷ ይኼኛው መሆኑን ሳላውቅ ነው የተቀጠርኩት። ለብዙ ቀን ምሳ ሰዓቴን እያዛባሁ ሸሸኋት። ባለፈው ግን ማይክሮዌቩ ጋ ተራ ስጠብቅ ከፊቴ ያለችው እሷ ሆነች።

«እማማ እንዴት ናቸው?» አልኳት።

«ጂፕሱ ተፈታላት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጠዋት ስወጣ ቁጭ ብላ ነው የምተዋት» አለችኝ፣ የማይክሮዌቩን መስኮት እያየች። «ስመለስም እዚያው ናት።»

ምግቧ ሞቀ። ክዳኑን ከፍታ በጣቷ ነካ አድርጋ አየችው፣ ሹካዋን ያዘች፣ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። እንብላ አላለችኝም።